ዳንቴል የለበሰ ላፕቶፕ

ሞጣ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚባለው ጊዜ ለብቻው አንድ አገር ነው። ፀሐይዋ በምዕራቡ መስኮት ገብታ መደቡ ላይ ጋደም ትላለች። ከመንገዱ የተነሣው አቧራ በብርሃኑ ውስጥ ሳይወጣ ሳይወርድ ይንሳፈፋል። ደጅ የምትጭረው ዶሮ እንኳ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው እያረፈች ነው። በዚያ ብርሃን መሐል፣ በጥሩአየሁ ባንተአምላክ ቤት፣ ነጭ የበግ አጎዛ ላይ፣ አንድ ላፕቶፕ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ነበር።

ዳንቴሉን ስትጽፍም አታወልቀውም። ከስክሪኑ ጀርባ ጀምሮ በግራና በቀኝ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ይወርዳል፤ ለዓይኗ ስክሪኑ፣ ለጣቶቿ ፊደሎቹ ብቻ ተትተውላታል። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ግን መጀመሪያ የራሱን ቤት ዞር ብሎ ይይ። ቴሌቪዥኑ ምን ለብሷል? ሬድዮውስ? የወደድነውን ነገር መሸፈን እንጂ መጠየቅ የት ለምደን! በየት በኩል እንደሚተነፍስ ሳንጠይቅ እናለብሰዋለን፤ ሲሞትብን ደግሞ ቻይናን እንሰድባለን።

ጥሩአየሁ ይህን ልማድ ያመጣችው ከመሥሪያ ቤት ነው። በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሞጣ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠረች። በገባች በሳምንቷ ታይፑን ሳትሸፍን ለምሳ ወጣች። ስትመለስ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ሽታሁን በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ጥሩአየሁ፣ አንቺ ራቁትሽን ምሳ ትሄጃለሽ?»

«ኧረ በስመ አብ! ምነው ጋሼ?»

«ታዲያ የመንግሥትን ማሽን ምነው ራቁቷን ጥለሻት ሄድሽ?»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ታይፕ ሳትሸፍን ወጥታ አታውቅም። ማሽኗን ራሷ ፈትታ ትጠርጋለች፣ ራሷ ዘይት ትቀባለች፣ ራሷ ታለብሳለች። ጆሮዋ የሰማውን ጣቷ ይጽፋል፤ መሐል ላይ እሷ እምብዛም የለችበትም። ደብዳቤ እየጻፈች ሌላ ነገር ታልማለች፤ ደብዳቤው ግን ነጥቡ ሳይዛነፍ ይወጣል።

ከዚያ አዲስ አሠራር መጣ ተባለና ታይፖቹ ግምጃ ቤት ተቆለሉ። ኮምፒውተር በሁለት ጣት እንደ ዶሮ የሚለቅም ሁሉ «ኤክስፐርት» ተባለ። ፊደሉን ሳታይ የምትጽፈው ሴት ደግሞ «ፋይል አመላላሽ» ሁኚ ተባለች። ስብሰባ ተጠርቶ ተጨበጨበ፤ እሷም አብራ አጨበጨበች። በማግሥቱ መልቀቂያዋን በእጇ ጻፈች። በታይፕ ያልጻፈችው የመጀመሪያው ደብዳቤ እሱ ነው።

ላፕቶፑን የሰጠቻት ሲስተር ሃና ናት። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች፤ ስትዛወር ዕቃዋን እያሰረች «ይሄ ከእኔ ይልቅ ላንቺ ጣት ይሆናል» ብላ እቅፏ ላይ አኖረችላት። ጎረቤቷ ሙሉዬ ደግሞ ለእንኳን ደስ ያለሽ ዳንቴል ሠራችለት። ከዚያ በኋላ ጥሩአየሁ ቤቷ ሆና የሰርግ ጥሪ፣ የይግባኝ ማመልከቻ፣ የመምህራንን የጥናት ጽሑፍ እየጻፈች መኖር ጀመረች።

አባቷ የመጡት በሁለት ሺህ ስድስት ነው። ባንተአምላክ በቢቸና ዙሪያ በንብ የታወቁ ሰው ነበሩ። ቀፎ ላይ ጆሯቸውን ጣል አድርገው «ይሄ ጠግቧል፣ ይሄ ሊሰደድ ነው፣ ይሄኛው አውራው ሞቶበታል» ይላሉ፤ ተሳስተው አያውቁም። ከሰው ጋር ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል የላቸውም። የልባቸውን የሚያወሩት ከቀፎው ጋር ነበር። ጥሩአየሁ ልጅ ሳለች ከአጥር ወዲህ ቆማ ድምፃቸውን ትሰማ ነበር፤ ቃሉ ግን ከንቦቹ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ አይለይላትም። «ምነው ከእኛ ጋር አያወሩም?» ብትላቸው «ንብ ትናደፋለች እንጂ ወሬ አታወጣም» አሏት።

አንድ ቀን ቢቸና ገበያ መሐል ቆመው ያገኙትን ሁሉ «መንጋው በዚህ አላለፈም?» እያሉ ሲጠይቁ ተገኙ። የምን መንጋ ቢሏቸው ወደ ሰማይ ያሳያሉ። ሰማዩ ባዶ ነበር። ጎረቤታቸው በላቸው እጃቸውን ይዞ አውቶቡስ ላይ አሳፈራቸውና ሞጣ አምጥቶ ለልጃቸው አስረከበ። «አባትሽ ሐሳባቸው እየተሰደደ ነው» አላት፤ ከዚህ የተሻለ የገለጸው ሐኪም አልተገኘም። ሰፈሩ ግን «ጃጁ» አለ። አንድ ቃል ለጥፎባቸው ማዳመጡን ተወ።

ጥሩአየሁ እናቷን አታውቅም። አባቷ ሕፃን አዝለው ከሉማሜ በኩል ወደ ቢቸና ሲመጡ «ሚስቴ በንዳድ ሞተች» አሉ፤ ሰውም እግዜር ያጽናዎት አለ፣ በዚያው ተዘጋ። ለልጃቸው የነገሯት አንዴ ብቻ ነው፤ «ስሟ ይርጋነሽ፣ ክርስትናዋ ወለተ ሐና።» ምን ትመስል ነበር ስትላቸው ተነሥተው ወደ ቀፎዎቹ ሄዱ። ስለዚህ ጥሩአየሁ ደመወዝ ከበላችበት ዓመት ጀምሮ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የእናቷን ስም ለቄሱ ለአባ ሣህለ ማርያም እየሰጠች በጸሎት ከሙታን ጋር ታስጠራ ነበር። ከእናቷ ያላት ነገር ይኸው ነው፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ከብዙ ሙታን ስም መሐል፣ አንድ ስም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መምህር ያየህ የሚባል ደንበኛዋ የሰጣትን ስለ አፈር መሸርሸር የሚያትት ጥናት እየጻፈች ነበር። አባቷ ጥጋቸውን ይዘው ከፀሐይዋ ጋር እያንቀላፉ ነው። ላፕቶፑ ሞቀውና ውስጡ ያለው ማራገቢያ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እም... ም... ም... እያለ።

«ዛሬ ብዙ ናችሁ» አሉ አባቷ።

ዞር ብላ አየቻቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል። እሷን ግን አያይዋትም፤ አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዘንብለዋል።

«እነማን ናቸው አባዬ?»

«ይርጋነሽ ያን ቀን ቀይ መቀነት ታጥቃ ነበር» አሉ፤ ልክ ከአጥር ወዲህ ሆና ስትሰማው በኖረችው ድምፅ።

ልቧ ቆመ፤ ጣቶቿ ግን አልቆሙም። የሰሙትን ይጽፋሉ፤ የሃያ ዓመት ልማዳቸው ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ መካከል፣ ከጎርፍና ከእርከን መሐል፣ ይርጋነሽ ቀይ መቀነት ታጥቃ ገባች። «በጠዋት ነው። ጤዛው አልረገፈም» አሉ አባቷ። ሌላም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ድምፁም ጭጭ አለ። የእሳቸውም ፊት አብሮ ተዘጋ።

«ጥሩዬ፣ ምሳ በላሽ?» አሏት።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፣ በሦስተኛውም ቀን። ማራገቢያው ሲጮህ ይናገራሉ፤ ሲቆም ይቆማሉ። ያለ እሱ ብትጠይቃቸው «ማን ይርጋነሽ?» ይሏታል። ላፕቶፑ ደግሞ እሳቸው መሐል ሲደርሱ ይሞታል፤ ሆዱን ስትዳስሰው ይፋጃል። አንድ ቀን ስለ አጥሩ አወሩ፣ ሌላ ቀን ስለ መንጋው። በአራተኛው ቀን ድምፃቸው ወረደና «ሞተች ያልኩት እኮ...» ብለው ጀመሩ።

ጠፋ።

ጥሩአየሁ ጥቁሩን ስክሪን ስታይ የራሷን ፊት አየች። ሞተች ያልኩት እኮ፣ ምን? ከዚህች ቃል ወዲያ ያለው በዚህ አሮጌ ማሽን ትንፋሽና በአንድ አሮጌ ሰው ሐሳብ መካከል ተንጠልጥሏል። ከሁለቱ አንዱ እስከ ወዲያኛው ቢዘጋ ማን ይነግራታል?

ይዛው ወደ ጠጋኙ ወደ ዘመነ ሮጠች። ዘመነ ከመንገዱ ዳር ጠባብ ሱቅ አለው፤ የሰለጠነው ሁለት ወር ነው፣ የሚናገረው ግን የአሥር ዓመት ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ቫይረስ ነው።»

«ሳትከፍተው አወቅኸው?»

«ሁሉም ቫይረስ ነው፤ ሞጣ ሙሉ ይዞታል። ፎርማት ላድርግልዎት።»

«ውስጡ ያለው ጽሑፍስ?»

«እሱ ይጠፋል። ግን አዲስ ይሆንልዎታል።»

«አዲስ መች አማረኝ!» ብላ ነጥቃው ወጣች።

ድሮ ሰው ሲታመም ሳያዩት «ቡዳ ነው» ይባል ነበር። ዛሬ ማሽን ሲታመም ሳይከፍቱት «ቫይረስ ነው»። የት ታስቀምጪዋለሽ፣ ምን ላይ፣ ፀሐይ ያገኘዋል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ሦስት ጥያቄ ነበረች። ሦስት ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው ሱቅ ከፍቶ ይጠግናል፤ እኛም ተሰልፈን እንከፍለዋለን።

ሙሉዬም የራሷን መድኃኒት ይዛ መጣች። ጎኑን በእጇ ዳበሰችና ፊቷ በኀዘን ተሞላ።

«አንቺ ሴት፣ ይንቀጠቀጣል እኮ! ብርድ ነው።»

«ሆዱ እሳት ነው እያልኩሽ?»

«የብርድ ትኩሳት እንዲያ ነው። ልጅ አላሳደግሽም፣ አታውቂውም። ጋቢ ደርቢበት።»

እንግዲህ ሃያ ዓመት ማሽን ያስተዳደረች ሴት፣ ታይፕ ፈትታ የምትገጥም ሴት፣ ጋቢውን አምጥታ ደረበችበት። ሲጨንቅ ያልደረበ ማን አለ? ከሥር አጎዛ፣ ከላይ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ላይ ጋቢ፣ ከመስኮቱ ደግሞ የሞጣ ፀሐይ። ማራገቢያው እንደ ዳገት ወጪ ማቃሰት ጀመረ።

አባቷ ያን ጊዜ ተነሡ። ለወራት ያለ ደጋፊ ያልቆሙ ሰው ብድግ ብለው መጡ።

«ልጄ፣ ቀፎው ታፍኗል።»

ሙሉዬ ሳቀች። «ውይ አባባ ባንተአምላክ! ላፕቶፕ እኮ ነው፤ ማር የለበትም!»

አልሰሟትም። ጋቢውን ገፈው ጣሉ፤ ዳንቴሉንም ገፈው ጣሉ። የእጃቸውን ጀርባ እያስጠጉ ጎኑን ቀስ ብለው ዞሩት፤ ንብ እንዳይቆጣ የሚደረገው እንዲያ ነው። ግራ ጎኑ ላይ ስንጥቆቹ ያሉበት ቦታ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«አፉ ይኸው። ማነው በሱፍ የደፈነው? ንቦቹ እያራገቡ ነው፤ ግን ቢያራግቡስ ሙቀቱ በየት ይውጣ? ሰሙ ቀልጦ የማር እንጀራው ሊረግፍ ነው። ከፍ አድርጊው። ጥላ ስጪው። አፉን በላባ ጥረጊው።»

ይህን ያሉት ዱሮ በነበራቸው ድምፅ ነው። ጥሩአየሁ አጎዛውን አየች፣ ስንጥቁን አየች። ታይፕ አይተነፍስም ነበር፤ ይሄኛው ግን ይተነፍሳል። ይህች አንድ ነገር ሳትገባት ስታፍነው ኖራለች፤ በፍቅር፣ በንጽሕና፣ በመከባበር። ሙሉዬ መሳቋን ተወች።

አጥፍታ፣ ገመዱን ነቅላ፣ ባትሪውን አውጥታ፣ በትንሿ መፍቻ የሆዱን ክዳን ፈታች። ማራገቢያው አጠገብ የአጎዛው ፀጉር፣ የዳንቴሉ ክርና የመንገዱ አቧራ አንድ ላይ ተጠቅጥቀው እንደ በርኖስ ወፍረዋል። በዶሮ ላባ እየለቀመች አወጣችው። ከመስኮቱ ርቆ፣ ጥላ ውስጥ፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አራት የለስላሳ ቆርኪ በየማዕዘኑ ደፍታ አስቀመጠችው፤ ከሥሩ ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍተት ተገኘለት። ከፈተችው። ከሰዓት ሙሉ ጻፈች። አልጠፋም፤ አልፋጀም። ጸጥ ብሎ፣ ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን።

«እንግዲህ ገፈፍሽው» አለች ሙሉዬ ዳንቴሏን እያጣጠፈች። «ነገ ጉንፋን ያዘኝ ቢልሽ እኔን እንዳትጠሪ።»

«ሬድዮኑን አልብሺው። እሱ አይተነፍስም።»

«ይለፈልፋል እንጂ!»

ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ጥሩአየሁ አባቷን ዘወር ብላ አየች። ጥጋቸው ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ባዶ ሜዳ ሆኗል። ቤቱ ውስጥ የሚያራግብ ነገር የለም። ቀፎው ዝም ብሏል፤ እሳቸውም የሚያወሩት አጥተው ዝም ብለዋል።

ዘጠኝ ቀን እንዲያ ሆነ። የመምህር ያየህ ጥናት አለቀ፣ ማመልከቻዎች አለቁ፤ ላፕቶፑ እንኳን ሊሞት አላነጠሰም። በዘጠነኛው ቀን አላስቻላትም፤ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አባዬ፣ 'ሞተች ያልኩት እኮ' ብለው ነበር። ምን ሊሉ ነበር?»

ረዘም አድርገው አዩዋት። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ከሙሉዬ ዳንቴሉን ልትጠይቅ ተነሥታ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ከደፈነችው ይናገራሉ፤ ማሽኑ ይሞታል። ከከፈተችው ማሽኑ ይኖራል፤ እሳቸው ዝም ይላሉ። በሩን ተደግፋ ቆማ የልጅነቷ ክረምት ታያት። ዝናቡ ሲበረታ አባቷ በእጃቸው ጭቃ ይዘው የቀፎውን አፍ ሲያጠብቡ፣ እሷ ከኋላቸው እንሥራ ተሸክማ። «አጥብቀሽ ከዘጋሽው ይታፈናል። ከከፈትሽው ይበርደዋል። ልኩን ጆሮሽ ይነግርሻል» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ለእሷ የተናገሩት መስሏት ነበር፤ ለንቦቹ ይሁን ለሌላ ሰው አሁን አታውቅም።

መምህር ያየህ የወንድሙን የሰርግ ቪዲዮ አስቀምጪልኝ ብሎ ትቶባት ነበር። ቪዲዮው ሲጫን ላፕቶፑ ከጽሑፍ ይልቅ እንደሚተጋ፣ ማራገቢያውም እንደሚነሣ ልብ ብላለች። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ያን ቪዲዮ ከፈተች፤ ድምፁን ዘጋች። ከስክሪኑ ጥግ ሙሽሮቹ ያለ ድምፅ ይጨፍራሉ፣ ያለ ድምፅ እልል ይባልላቸዋል። ከሙሽሮቹ ጎን ባዶ ገጽ ከፈተች። ቆርኪዎቹን አልነካችም፤ ጠረጴዛውን ከጥላው አላወጣችም። ግራ መዳፏን ግን ስንጥቁ አጠገብ አስጠጋች።

ሙቀቱ መዳፏን መታው። ማራገቢያው ተነሣ። ንጹሕ ድምፅ ነው፤ ያን ማቃሰት አይደለም፤ መስክ ላይ የመች አበባ ሲፈነዳ ከንቦቹ የሚሰማው ዓይነት። ሲበዛ መዳፏን ታሸሻለች፤ ሲቀንስ ታስጠጋለች። ሙሉዬ በር ላይ ብቅ አለች፣ አየችና ምንም ሳትል ተመለሰች። በሕይወቷ ሳትናገር የተመለሰችበት ቀን ይኸው ነው።

«መጣችሁ» አሉ አባቷ።

ቀኝ እጇ ጻፈ።

«ይርጋነሽ ቀይ መቀነት ታጥቃ ነበር። ሃያ ዓመት አይሞላትም። አጥሩን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ። መስኮቱንም የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ ነፋስ ይመታታል ብዬ። ገበያውን እኔ እሄድላታለሁ። ውኃውን እኔ እቀዳላታለሁ። እናቴን ልይ ስትለኝ ነገ እላታለሁ። አገሩ ሁሉ 'እንደ ባንተአምላክ ሚስቱን የሚወድ አልታየም' ይል ነበር። እሷ በሩ ሥር ተቀምጣ፣ አፏን ከስንጥቁ አስጠግታ ትተነፍሳለች። አየኋት። አይቼ ስንጥቁንም በጨርቅ ወተፍኩት።»

መዳፏ ጋለ። ትንሽ አሸሸችው።

«በጠዋት ነው፤ ጤዛው አልረገፈም። ትልቁ ቀፎ ነቅሎ ወጣ። መንጋውን ስከተል በሩን ሳልዘጋው ሮጥኩ። መንጋውን ይዤ ተመለስኩ። እሷ የለችም። ልጂቱ አጎዛው ላይ ተኝታለች። ይዣት ብወጣ ያሳድደኛል ብላ ይሆናል፤ እውነቷን ነው፣ አሳድዳት ነበር።» ሙሽሮቹ ስክሪኑ ላይ ዳቦ ይቆርሳሉ። «ደጀን አክስቷ ዘንድ ናት አሉኝ። ልመልሳት ሄድኩ። መንገድ ዳር ቆማ ለመኪና ሰው እንቁላል ትሸጣለች። የዓባይ ነፋስ ነጠላዋን ይዞት፣ ትስቃለች። እኔ ቤት ስትስቅ አላየኋትም። ሳልጠራት ተመለስኩ። ሞተች ያልኩት እኮ ለልጂቱ ነው። 'አፍኜያት ወጣች' ከማለት ሞተች ማለት ቀለለኝ። ንብ ሲታፈን ምን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። ከሰው ላይ ግን አላወቅሁትም።»

ጨረሱ። ማሽኑ አልጠፋም። ጥሩአየሁ መዳፏን አነሣች፤ ቀልቶ ነበር። ማራገቢያው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ከደጅ ዶሮዋ ድምፅ በታች ሆነ። አንድ እጅ የጻፈው ነውና ገጹ ስህተት ሞልቶታል፤ አላረመችውም። ሴቭ አደረገችው።

ብትጮህባቸው ማን ይፈርድባት ነበር? ከአርባ ዓመት በላይ ነው። በሕይወት የነበረችን እናት ቀብረው አስለቀሷት። «በፍቅር ነው» የሚባለው ነገር ስንቱን በር እንደደፈነ ቢቆጠር ጎጃም ቆጥሮ አይጨርሰውም። ጥሩአየሁም ልትጮህባቸው ተነሥታ ነበር። ከዚያ አባቷ ዞር አሉ።

«ጥሩዬ፣ ምሳ በላሽ?»

እጃቸውን አየች፤ ጋቢውንና ዳንቴሉን ገፎ የጣለውን እጅ።

«በላሁ አባዬ» አለች። አልበላችም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አባቷን ለሙሉዬ አደራ ብላ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ትንሽ ቦርሳ አንግታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አባ ሣህለ ማርያም ከቅዳሴ ወጥተው ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳለመች።

«አባ፣ ወለተ ሐናን ከሙታኑ ያውጡልኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ለሙት ዓመቷ ገና ነው።»

«አልሞተችም።»

አባ ቀና ብለው አዩዋት። «በሕይወት አለች?»

«እሱን አላውቅም። ደጀን ወርጄ እጠይቃለሁ። እስክደርስበት ድረስ ግን ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት እኮ...»

«ሃያ ሁለት ዓመት አፍኜያታለሁ አባ፤ ትንሽ ትተንፍስ።»

አባ ሣህለ ማርያም ከካባቸው ሥር ያረጀውን ደብተር አወጡ፣ ከኋለኛው ገጽ አንድ ስም ሰረዙ፤ ወደ ፊተኛው ገልጠው፣ ቦታ አጥተው፣ ከኅዳጉ ላይ ጻፉት። ከመናኸሪያው ረዳቱ «ቢቸና! ቢቸና፣ ደጀን!» እያለ ይጣራል። ጥሩአየሁ ሄደች፤ መስኮት ያለበት ወንበር ለመያዝ እየተቻኮለች።